የሚሾርን ነገር ከመያዝ በፊት

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 8 ቀን 1984 ጆርጅ ኔልሰን የተባለ አሜሪካዊ ጠፈርተኛ ቻሌንጀር ከተባለችው መንኮራኩር ወጥቶ፣ ምንም ገመድ ሳያስረው፣ ጀርባው ላይ ባዘለው የጋዝ መግፊያ እየተገፋ ወደ አንዲት ሳተላይት ሄደ። ሳተላይቷ ሶላር ማክስ ትባላለች። ፀሐይን እንድታጠና በ1980 ተልካ በዚያው ዓመት መጨረሻ ፊውዞቿ ስለተበላሹ አቅጣጫዋን መጠበቅ አቅቷት ነበር። ክብደቷ ከሁለት ቶን በላይ ነው። የምትዞረው በዝግታ ነው፤ አንድ ዙር ለመጨረስ ደቂቃዎች ይፈጅባታል።

የኔልሰን ሥራ ሲታይ ቀላል ነበር። ፊት ለፊቱ በያዘው መቆለፊያ ከሳተላይቷ ጎን የወጣውን ጉጥ ነክሶ መያዝ፣ ከዚያም በጋዙ መግፊያ ማቆም ነው። ሦስት ጊዜ ሞከረ፤ መቆለፊያው አልነከሰም። ምክንያቱ በኋላ ሲጣራ፣ ጉጡ አጠገብ የሙቀት መከላከያውን ልባስ የምትይዝ፣ በንድፉ ላይ ያልሰፈረች አንዲት ትንሽ ቁራጭ ሆና ተገኘች። ሰውየው ሲቸግረው የሳተላይቷን ክንፍ፣ ማለትም የፀሐይ ኃይል መሰብሰቢያዋን፣ በእጁ ያዘ። ያን ጊዜ ነገሩ ባሰ። በአንድ አቅጣጫ ረጋ ብላ ትዞር የነበረችው ሳተላይት በየአቅጣጫው መገላበጥ ጀመረች። የመንኮራኩሯ ሮቦት ክንድ ሊይዛት ሞክሮ አልቻለም። ክንፎቿ ፊታቸውን ከፀሐይ አዞሩ፤ ባትሪዋ መሟጠጥ ያዘ።

ያዳናት እጅ አልነበረም። ሜሪላንድ ከሚገኘው የጎዳርድ ማዕከል መሐንዲሶች ሌሊቱን ትእዛዝ ሲልኩ አደሩ። ሳተላይቷ ውስጥ ያሉትን የኤሌክትሪክ ማግኔቶች ከምድር ማግኔታዊ መስክ ጋር እያገፋፉ መገላበጧን ቀስ በቀስ አበረዱት። ኤፕሪል 10 ሮቦት ክንዱ ያለ ችግር ያዛት። ተጠግናም ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ እስከ 1989 ድረስ ፀሐይን ስታጠና ቆየች።

ይህን ታሪክ በ2012 ዓ.ም. በቃሊቲ ማረሚያ ቤት ደጋግሞ ያወራ የነበረ አንድ የፊዚክስ መምህር ነበር።

መምህሩ ከሃያ ዓመት በላይ ሁለተኛ ደረጃ ያስተማረ ሰው ነው። በግንቦት 2011 አንድ ዝናባማ ምሽት መንገድ ያቋርጥ የነበረ ሰው በመኪናው ገጨ። አልሸሸም። ራሱ አንሥቶ፣ መኪናው ውስጥ አስገብቶ፣ ሐኪም ቤት አደረሰው። ሰውየው ግን መንገድ ላይ አርፎ ነበር። ሟቹ ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነው። መምህሩ በቸልተኝነት ሰው በመግደል ተከስሶ አራት ዓመት ተፈረደበት። ቃሊቲም ሲገባ፣ እንደ ብዙዎቹ ፊደል የቆጠሩ ታራሚዎች፣ ጠመኔ ያዘ። ለማትሪክ የሚዘጋጁ ታራሚዎችን ፊዚክስ ያስተምር ጀመር።

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 ቻይና ውስጥ ከሚገኘው ታይዩዋን በሎንግ ማርች 4ቢ ሮኬት ተወነጨፈች። 70 ኪሎ ገደማ የምትመዝን፣ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምትዞር፣ እርሻን፣ ደንንና ውኃን እንድትቃኝ የተላከች ናት። የታቀደላት ዕድሜ ሁለት ዓመት ነው። ምስሏን እንዲቀበል የተዘጋጀው ጣቢያ እንጦጦ ላይ ይገኛል። ዜናው በቴሌቪዥን ሲታይ ቤቱ ውስጥ የነበረው ታራሚ አጨበጨበ። ጭብጨባው ሲበርድ አንድ በዕድሜ የገፉ ሰው፣ በሰሜን ሸዋ አገራቸው ሳሉ ሽማግሌ የነበሩ፣ ከተቀመጡበት ሳይነሡ፣

«ስትበላሽስ ማን ያወርዳታል?» ብለው ጠየቁ።

ሁሉም ሳቀ። መምህሩ አልሳቀም። ጥያቄው የዓለም ትልልቅ የጠፈር ተቋማት ገና መልሰው ያልጨረሱት ጥያቄ መሆኑን ያውቅ ነበር። ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ማትሪክ የማይፈተኑት ሁሉ ሳይቀሩ ወደ ክፍሉ ይመጡ ጀመር። ነገሩን ከመሠረቱ ያስረዳቸው ገባ።

መጀመሪያ የፍጥነቱን ነገር ነገራቸው። በዚያ ከፍታ ላይ ያለ ነገር በሰከንድ ሰባት ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ይጓዛል። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ባሕር ዳርን ለማለፍ አንድ ደቂቃ አይሞላበትም። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 10 ቀን 2009 ኢሪዲየም 33 የተባለች አሜሪካዊት የመገናኛ ሳተላይትና ኮስሞስ 2251 የተባለች፣ ሥራ ያቆመች የሩሲያ ሳተላይት ከሳይቤሪያ በላይ ተጋጩ። ሁለቱም በሺዎች ወደሚቆጠር ስብርባሪ ተለወጡ። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በጃንዋሪ 2007፣ ቻይና የራሷን አሮጌ የአየር ጠባይ ሳተላይት በሚሳይል መትታ ስትበትናት ከ3000 በላይ ከምድር ሊታዩ የሚችሉ ቁርጥራጮች ተበትነዋል። ዛሬ ከአሥር ሴንቲ ሜትር የሚበልጡት ፍርስራሾች በአሥር ሺዎች ይቆጠራሉ። የብሎን የሚያክለውን የሚቆጥረው የለም፤ ይገመታል እንጂ። ትልልቆቹ ካልተነሡ እርስ በርስ እየተጋጩ ትንንሾቹን ያበዛሉ። ስለዚህ አንድ ሰው ሄዶ ማንሣት አለበት።

ሁለተኛ፣ ለምን እንደሚሾሩ። እንዝርት ሲሾር ቆይቶ የሚቆመው አየሩና የሚነካው ነገር ስለሚይዙት ነው። እዚያ ላይ የሚይዝ ነገር የለም ለማለት ይቻላል። አንዲት ሳተላይት መቆጣጠሪያዋ ሲሞት ውስጧ የነበረው ዙረት ወደ አካሏ ይተላለፋል። የቀረ ነዳጅ በስንጥቅ ያፈተልካል፤ ባትሪ ይፈነዳል፤ አሸዋ የሚያክል ነገር ይመታታል። የፀሐይ ብርሃን ራሱ ቀላል ግፊት አለው፤ ክንፏን በአንድ ወገን ሲገፋ ዓመታት ካለፉት ያዞራታል። የሞተ ነገር ስለሆነ ዝም ብሎ ይቀመጣል ብሎ የሚያስብ ይሳሳታል።

ሦስተኛ፣ ለምን አይያዝም። የአውሮፓዋ ኤንቪሳት ስምንት ቶን ትመዝናለች። በ2002 ተላከች፤ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 8 ቀን 2012 በድንገት ዝም አለች። በሌዘር ሲለኳት አንድ ዙር ለመጨረስ ሁለት ደቂቃ ከሩብ ገደማ ይፈጅባት ነበር። ሲሰሙት ዝግታ ነው። ነገር ግን ስምንት ቶን፣ የሕንፃ ፎቅ የሚያህል ክንፍ ዘርግቶ ሲዞር፣ የሚይዘው ክንድ ያንን ዙረት ሁሉ በአንድ ጊዜ ይቀበላል። ክንዱ ይሰበራል፤ ወይም ያዡም ተያዡም አብረው ይገለባበጣሉ፤ ወይም ክንፉ ተገንጥሎ አዲስ ፍርስራሽ ይሆናል። ሊያጸዳ የሄደ ቆሻሻ ጨምሮ ይመለሳል።

ይህን በሚያስተምርበት ሰሞን መምህሩ ስለ ራሱ ጉዳይ ለማንም አይናገርም ነበር። ቤቱ ውስጥ ያሉት ግን ያውቁ ነበር።

ሰው የሞተበት ጉዳይ ላይ ከሟች ቤተሰብ ጋር መታረቅ ትልቅ ዋጋ አለው። ቅጣት ሲወሰን ይታያል፤ በኋላም ይቅርታ ለሚጠይቅ ታራሚ የእርቁ ወረቀት ከሚያስፈልጉት ነገሮች ዋናው ነው። ይህን የሚያውቀው የመምህሩ ታላቅ ወንድም ቸኮለ። የሟቹ አርባ ሳይወጣ ሦስት ሽማግሌዎች ሰብስቦ፣ ፖስታ ውስጥ ገንዘብ ይዞ፣ ለቅሶው ቤት ሄደ። ክፋት አልነበረውም፤ ወንድሙን ከእስር ማዳን ነበር የፈለገው። የሟች ሚስት አንገቷን ደፍታ ምንም አልመለሰችም። የአሥራ ስድስት ዓመቱ ልጅ ግን፣ እስከዚያች ቀን ድረስ ሳያለቅስ፣ ከማንም ጋር ሳይጣላ፣ እንግዳ እያስተናገደ የሰነበተው ልጅ፣ ፖስታውን አንሥቶ ደጅ ወረወረው። ሽማግሌዎቹን በስድብ አባረረ። በዚያው ሰሞን ትምህርቱን ተወ። የሟች ወንድሞች ደግሞ እስከዚያ «የእግዜር ቁጣ ነው» ይሉ የነበሩት፣ «ደማችንን በብር ሊገዙ መጡ» ማለት ጀመሩ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ይህኛው ግን ለመልቀም እንኳ የሚያስቸግር ነበር።

የሰሜን ሸዋው ሽማግሌ የሶላር ማክስን ታሪክ በሰሙ ማግሥት መምህሩን ለብቻው አግኝተው አንዲት ነገር ነገሩት።

«መምህር፣ የእናንተ ሰዎች ክንፏን ነው የያዙት።»

መምህሩ ለረጅም ጊዜ አልመለሰላቸውም። ሃያ ዓመት ሲያስተምረው የኖረውን ነገር አንድ ፊዚክስ ያልተማሩ ሰው ወደ ቤቱ ይዘውበት መጡ።

ከዚያ በኋላ ትምህርቱ ተለወጠ። ማቆሚያ ዘዴዎቹን አንድ በአንድ ሲዘረዝር ራሱን እየጠየቀ መሆኑን በቅርብ የሚያውቁት ያዩት ነበር።

አንደኛው ዘዴ የማግኔት ነው። ሳተላይት በአብዛኛው ከአሉሚኒየም ይሠራል። አሉሚኒየም ማግኔት አይስበውም። ነገር ግን አሉሚኒየም በማግኔት መስክ ውስጥ ሲንቀሳቀስ በውስጡ የኤሌክትሪክ ጅረት ይሽከረከራል፤ ያ ጅረት የራሱን መስክ ፈጥሮ እንቅስቃሴውን ይቃወማል። ጉልበቱ ወደ ሙቀት ተለውጦ ይበተናል። መምህሩ ይህን ለማሳየት የድስት ክዳን በክር አንጠልጥሎ አሾረው፤ መጀመሪያ እንዲሁ፣ ቀጥሎ ከተበላሸ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት ከሥሩ አስጠግቶ። ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ቢሆንም ታራሚዎቹ ጮክ ብለው ዙሩን ሲቆጥሩ ማግኔት ያለበት ቀድሞ ቆመ። ማንም አልነካውም። በጠፈርም ሐሳቡ ይኸው ነው። ኃይለኛ ማግኔት የያዘች መንኮራኩር ሜትሮች ርቃ ትቆማለች፤ ሳትነካ፣ ለቀናትና ለሳምንታት፣ ዙረቱን ትቀንሳለች። ዘዴው አንድ የሚያስገርም ጠባይ አለው። የሚቃወመው እንቅስቃሴን ብቻ ነው። የቆመን ነገር አይገፋም፤ በፍጥነት የሚሾረውን በብርቱ፣ ቀስ የሚለውን በቀስታ ይይዛል።

ሁለተኛው የጋዝ ነው። መንኮራኩሯ የሞተር ጭሷን ወደ ፍርስራሹ ክንፍ እየነፋች ከዙረቱ በተቃራኒ ትገፋዋለች። ጥቅሙ የታወቀ መሣሪያ መሆኑ ነው። ጉዳቱ የምትገፋው እሷንም ወደ ኋላ መግፋቱ፣ በተቃራኒው ወገን ሌላ ነዳጅ ማቃጠል ማስፈለጉ፣ ሰዓቱ ትንሽ ከሳተም ማፋጠኑ ነው።

ሦስተኛው የሌዘር ነው። ከሩቅ ሆኖ የፍርስራሹን ገጽ ነጥብ በነጥብ ያተናል፤ የሚተነው ብናኝ በተቃራኒው በኩል ጥቂት ይገፋል። ነገር ግን ፍርስራሽ የሚያቆም ሌዘር የሌላውን አገር ሳተላይት ሊያሳውርም ይችላል። ስለዚህ ከመሐንዲሱ ይልቅ ዲፕሎማቱን ያስጨንቃል።

አራተኛው የመንካት ነው፤ ነገር ግን በለስላሳ። ሮቦት ክንዱ ጫፍ ላይ እንደ ብሩሽ ያለ ነገር ይደረግና ክንፉን ሲያልፍ ይዳስሰዋል፤ በየዙሩ ትንሽ ትንሽ ይቀንሳል። ከዚህ የሚቀርቡት መረብና ጦር ናቸው። ሪሙቭ ዴብሪስ የተባለው የአውሮፓ ሙከራ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2018 ራሱ የለቀቃትን ትንሽ ኢላማ በመረብ ያዘ፤ በፌብሩዋሪ 2019 ደግሞ በዘንግ ጫፍ ላይ የያዘውን ሰሌዳ በጦር ወጋ። መረብ ዙረት እያለም ይይዛል። ችግሩ ገመዱ በሚሾረው ላይ መጠምጠሙ ነው፤ ያዢው ካልተጠነቀቀ ራሱ ይጎተታል።

አምስተኛው ማቆም አይደለም፤ አብሮ መዞር ነው። መንኮራኩሯ በፍርስራሹ ዙሪያ፣ በእሱ ፍጥነት፣ በእሱ አቅጣጫ ትዞራለች። ያን ጊዜ አንዱ ለሌላው የቆመ ያህል ነው። ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ «ይሄስ ለቅሶ መቀመጥ ነው» አሉ። ሐዘንተኛን ዝም በል የሚለው የለም፤ አጠገቡ ቁጭ ይባላል፤ ሲያለቅስ ይለቀሳል፤ ሲተርክ ይሰማል። እሳቸው እንዳሉት ሽማግሌ መጀመሪያ ሲሄድ ምንም አይጠይቅም። ይባረራል፤ ደጅ ይቀመጣል፤ ይመለሳል። የገዳይ ወገን በዚያ ጊዜ ሁሉ ከሟች ወገን መንገድና ገበያ ይርቃል። መጀመሪያ የሚፈለገው የእርቅ ቃል አይደለም፤ ንዴቱ በየትኛው ወገን እንደሚዞር ማየት ነው።

ከዓመታት በኋላ ጃፓኖች በጠፈር ያደረጉትም ይህንኑ ነው። አድራስ-ጄ የተባለችው የአስትሮስኬል መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 ተልካ፣ ሦስት ቶን ወደሚመዝንና አሥራ አንድ ሜትር ርዝመት ወዳለው አሮጌ የሮኬት አካል ቀረበች። ዞረችው፤ ፎቶ አነሣችው፤ እስከ አሥራ አምስት ሜትር ተጠጋችው። አልያዘችውም። የተላከችው እንድታይ ብቻ ነው። መያዙ ለሌላ ጊዜ፣ ለሌላ መንኮራኩር ተተወ።

መምህሩ ግን ምሳሌውን ሳይመረምር የሚቀበል ሰው አልነበረም። ሰው ፍርስራሽ አይደለም ብሎ ተከራክሯቸዋል። ፍርስራሹ ለምን ሊይዙት እንደመጡ አይጠይቅም፤ ያ ልጅ ግን ይጠይቃል፤ ወንድሙም የሄደው ለልጁ ሳይሆን ለወረቀቱ መሆኑን ልጁ ባንድ እይታ አውቋል። ማንኛውም ማግኔት ይህን አይደብቅም።

ሌላም ነገር ነበር። ሁሉም «ጊዜ ይሽረዋል» ይለዋል። ኤንቪሳትን የለኩት ሰዎች ዙረቷ በራሱ ጊዜ፣ በየቀኑ በሚሊ ሰከንዶች እየዘገየ መሆኑን አግኝተዋል። ያዘገያት ግን ጊዜው አይደለም። በምድር ማግኔታዊ መስክ ውስጥ ስለምታልፍ ያው የክዳኑ ነገር እየሠራባት ነው። ቶፔክስ ፖሲዶን የተባለች ሌላ አሮጌ ሳተላይት ደግሞ ዓመት በጨመረ ቁጥር ይበልጥ ፈጥና ስትሾር ተገኝታለች፤ የፀሐይ ብርሃን እየገፋት። ሁለቱም ላይ ጊዜ አልፏል። አንዷን አበረዳት፤ አንዷን አባሳት። ጊዜ ራሱ ምንም አይሠራም፤ የሚሠራው በዚያ ጊዜ ውስጥ በዙሪያ ያለው ነገር ነው። ልጁን ብቻውን ትቶ ዓመት መቁጠር ዘዴ አይደለም። በየቀኑ «ደምህን ሊገዙ መጡ» የሚሉት አጎቶች ካሉማ ዓመቱ ያፈጥነዋል።

በዚህ መሐል መጋቢት 2012 መጣ። ኮሮና ገባ፤ ጥየቃ ተከለከለ። ግንቦት ላይ የሟች ሙት ዓመት በጥቂት ሰው ብቻ ታሰበ። መምህሩ ለወንድሙ በስልክ ሁለት ነገር አስታወቀው። አንደኛ፣ ከዚህ በኋላ በእሱ ስም ማንም ወደዚያ ቤት እንዳይሄድ። ሁለተኛ፣ ይቅርታ እንደማያመለክት። ወንድሙ ተቆጣ፤ ለወራት አኮረፈው። የመምህሩ ሚስት ያለቀሰችውን ልቅሶ የሚያውቁት ልጆቿ ናቸው። ውሳኔው በቃል ያማረ ይሁን እንጂ ዋጋው የአንድ ሰው ብቻ አልነበረም።

የሠራው ነገር ከሠራ፣ የሟች ቤተሰብ የንስሐ አባት ናቸው። ማንም አልላካቸውም። በየጊዜው ወደ ቤቱ ይገባሉ፤ ጠበል ይረጫሉ፤ ከልጁ ጋር ስለ ትምህርቱ ያወራሉ፤ ስለ እርቅ አንድም ቀን አላነሡም። ልጁ በ2013 ወደ ትምህርት ቤት ተመለሰ። በዚያው ዓመት፣ ሁለተኛው ሙት ዓመት ካለፈ በኋላ፣ የሟች ሚስት ራሷ «ያ ሰውዬ እንዴት ሆነ?» ብላ ጠየቀቻቸው። ሽማግሌዎች በሩን የረገጡት ከዚያ ወዲያ ነው። የተመረጡትም በሟች ወገን ነበር።

ልጁ ሽማግሌዎቹን ካሣ አልጠየቃቸውም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ አባቱ መኪናው ውስጥ እያለ የተናገረው ነገር እንዳለ። ሽማግሌዎቹ አያውቁም። ያንን የሚያውቅ በምድር ላይ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ቃሊቲ ነው።

ሄደ። መታወቂያውን አስመዘገበ፤ ተፈተሸ፤ በአጥሩ ወዲያ ማዶ ቆሞ ጠበቀ። የተነጋገሩትን ሁለቱ ያውቃሉ። መምህሩ ለሽማግሌውም፣ ለሚስቱም አልተናገረም። በ2014 መጀመሪያ አመክሮው ደርሶ ሲወጣ የእርቅ ወረቀት በእጁ አልነበረም፤ የሚያስፈልገውም አልነበረም።

ይህን ወደ አገር ጉዳይ የሚያዞረው አንባቢ አይጠፋም፤ አይፈረድበትምም። የአገራዊ ምክክር ኮሚሽን በአዋጅ ቁጥር 1265/2014 ተቋቁሟል፤ የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ በሚያዝያ 2016 ጸድቋል። ወረቀቶቹ ያስፈልጋሉ። ነገር ግን አርባው ያልወጣ ሐዘን ባለበት ቤት ሁሉ፣ ገና በሚሾር ነገር ላይ እጅ የሚሰድ ሰው ለማን ብሎ እንደሚሄድ ራሱን ቢጠይቅ አይከፋም። የሚሾረው እስኪበርድ መጠበቅና ምንም አለማድረግም አንድ አይደሉም። ኤንቪሳትና ቶፔክስ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው።

የሽማግሌው የመጀመሪያ ጥያቄ ግን ገና አልተመለሰም፤ እሱ የምር የሳተላይት ጥያቄ ነው። ታኅሣሥ 13 ቀን 2013 ዓ.ም. ሁለተኛዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት፣ ከመጀመሪያዋ በጣም የምታንስ፣ በሎንግ ማርች 8 ሮኬት ተልካለች። በ600 ኪሎ ሜትር ከፍታ ያለ አየር ስስ ነው፤ የሞተች ሳተላይትን ጎትቶ ለማውረድ ዓመታት፣ ምናልባትም አሥርተ ዓመታት ይፈጅበታል። በ1967ቱ የጠፈር ስምምነት መሠረት ደግሞ አንድ አገር ያስመዘገበው ነገር ሞቶም የዚያው አገር ነው። ሌላው ያለ ፈቃዱ አያነሣውም። የሚወድቀውም ሰው አልባ በረሃ እየመረጠ አይወድቅም። ታኅሣሥ 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ጎረቤት ኬንያ፣ ማኩዌኒ ውስጥ ሙኩኩ በምትባል መንደር ሁለት ሜትር ተኩል ስፋትና 500 ኪሎ ገደማ ክብደት ያለው የብረት ቀለበት ከሰማይ ወርዷል። ሰው አልጎዳም። ይህ ግን የዕድል ጉዳይ እንጂ የሕግ ውጤት አይደለም።

በዘርፉ ያሉ ኩባንያዎች አሁን የሚያደርጉት አንድ ርካሽ ነገር አለ። ሳተላይቱ ገና መሬት ላይ እያለ፣ አንድ ቀን ሊያነሣው የሚመጣ ማግኔት የሚይዘው ትንሽ ሰሌዳ ይለጥፉበታል። የዋን ዌብ ሳተላይቶች እንዲህ ያለ መያዣ ይዘው ወጥተዋል። የአሜሪካ የመገናኛ ኮሚሽንም በ2022 ባወጣው ደንብ በዝቅተኛው ምሕዋር ያለ ሳተላይት ሥራውን በጨረሰ አምስት ዓመት ውስጥ እንዲወርድ ደንግጓል፤ ቀድሞ የሚባለው 25 ዓመት ነበር።

እንግዲህ የሚቀጥለው የኢትዮጵያ ሳተላይት ውል ሲፈረም ሦስት ጥያቄዎች በወረቀቱ ላይ ቢሰፍሩ ደግ ነው። ሥራዋን ስትጨርስ በራሷ የምትወርድበት ነዳጅ ወይም ሸራ አላት? መቆጣጠሪያዋ ቢሞት ዙረቷን ከምድር ማብረድ የሚችል መግነጢሳዊ መሣሪያ እስከ መጨረሻው ይሠራል? ሊያነሣት የሚመጣ ቢገኝስ በየት ይይዛታል? ሦስቱም ጥያቄዎች ሳተላይቷ መሬት ላይ እያለች ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም። ከተወነጨፈች በኋላ ግን ክንፏን ከመያዝ ሌላ ምርጫ ላይቀር ይችላል።